ለክቡር ሊቀ መንበራችን፣ ስለ ልጄ ስለ ሣራ ቀኝ ትከሻ

መስከረም 18 ቀን 1980 ዓ.ም.
ሎስ አንጀለስ

ለክቡር አቶ ሀይለገብርኤል
የኅብረት መረዳጃ ማኅበር የወጣቶችና የስፖርት ክፍል ሊቀ መንበር
ፌርፋክስ ጎዳና

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ አዲሱን ዓመት በሰላም እንደ ተቀበላችሁ ተስፋ እያደረግሁ፣ ራስዎን ከምታት፣ ወገብዎን ከቁርጥማት፣ በተለይም ሁለቱን ትከሻዎችዎን ከማናቸውም ጉዳት እንዲጠብቅልን ፈጣሪን እለምናለሁ። ትከሻ ደኅና ሲሆን መኖሩ የማይታወቅ፣ ሲታመም ግን ሰው ሸሚዙን እንኳ ብቻውን እንዳይለብስ የሚያደርግ የአካል ክፍል መሆኑን በዚህ ዓመት ስለ ተማርሁ፣ ምኞቴ የአፍ ብቻ አይደለም።

እኔ በአዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የሠራሁ፣ ዛሬ በዌስትቼስተር በአንድ ሆቴል አንሶላና ፎጣ የማጥፍ፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ የሣራ አሥራት እናት ዘቢደር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተገደድሁት የእንቁጣጣሽ ዕለት በአዳራሹ ባነበቡት፣ በኋላም በግሮሰሪው በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው ዓመታዊ ሪፖርት ምክንያት ነው። በሪፖርቱ ገጽ ሁለት ላይ «በሊቀ መንበሩ ጥረት የተገኘችው ባለ ተስፋ የቤዝቦል ተጫዋች ሣራ አሥራት፣ በወላጅ ግፊትና በዲሲፕሊን ጉድለት ቡድኑን ጥላ ወጥታለች» ይላል። ይህ ሲነበብ ሣራ በአራተኛው ረድፍ ከአጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሰው ዞሮ አያት። እሷም የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ቆየችና ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «ማሚ፣ ጉድለት ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አማርኛዋ እንዲዳብር ስለ ረዱልን በቅድሚያ አመሰግናለሁ። ከሪፖርቱ ጎን ይህን እንድለጥፍ ባለ ግሮሰሪው በደግነት ስለ ፈቀደልኝ፣ ነገሩን በመዝገብ ቤት እንደ ለመድሁት በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1ኛ፤ ልጄን ስላገኙልኝ አመሰግናለሁ። የጠፋች መሆኗን ሳላውቅ አሥራ ሦስት ዓመት አብሬያት መኖሬ ግን ያሳፍረኛል።

እኔ የማስታውሰው ትንሽ ይለያል። ባለፈው የካቲት ሣራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ በሰፈራችን መናፈሻ ቤዝቦል የሚለማመዱ ልጆች ኳስ አምልጧቸው ከአጥሩ ውጪ እግሯ ሥር ደረሰ። መለሰችላቸው። ኳሱ አጥሩን ዘልሎ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ መሬት ሳይነካ እወዲያኛው ጫፍ ከቆመው ልጅ ጓንት ውስጥ ገባ። አሠልጣኙ ሚስተር ኦርቴጋ፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፣ ወደ አጥሩ መጥተው ድገሚው አሏት። ደገመችው። በማግስቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቤታችን በር ላይ ቆመው ከእኔና ከባለቤቴ ፈቃድ ጠየቁ። በዚያ ሊግ ከወንዶች ጋር የምትጫወት ሴት ልጅ እሷ ብቻ እንደምትሆንም ሳይደብቁ ነገሩን።

ቡድኑ ማልያውን ማኅበራችን የሚያለብሰው፣ እርስዎም በኃላፊነት የሚቆጣጠሩት ስለ ሆነ ወሬው ወዲያው ደረሰዎት። ያን ጊዜ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጠው የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ወይዘሮ ዘቢደር፣ ሴት ልጅ ሜዳ መሀል ጉብታ ላይ ወጥታ፣ እግሯን ሰቅላ ስትወረውር መታየቷ ለባህላችን ጥሩ አይደለም። ሰው ያወራባታል» ብለውኝ ነበር። ከኤርፖርት ታክሲ የሚነዳውና በቀን ከአሥር ቃል በላይ የማይናገረው ባለቤቴ አሥራት «ኳስ ነው'ኮ የምትወረውረው ጋሼ» ብሎ ብቻ መለሰልዎ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሣራ በአንድ ጨዋታ ስምንት ወንዶች ልጆችን ዱላቸውን አየር ላይ አስወዝውዛ ወደ ወንበራቸው መለሰቻቸው። በዚያ ቀን እርስዎ የቡድኑን ኮፍያ አድርገው በሜዳው ዳር ቆመው ነበር። ለአጠገብዎ ሰዎች «ይቺን ልጅ እኔ ነኝ ያገኘኋት» ሲሉ የሰማሁት በሁለት ጆሮዬ ነው። ባህላችን በሃያ አንድ ቀን ውስጥ ይህን ያህል መሻሻሉ ምን ጊዜም ያስደንቀኛል።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሕዝቡ መጣ። ከሬስቶራንቱም፣ ከፓርኪንጉም፣ ከኢንግልዉድም፣ ከፓሳዴናም መጣ። የጨዋታውን ሕግ የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። የገባን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጉብታው ላይ የቆመችው ልጅ ትወረውራለች፣ ዱላ የያዘው ልጅ ይመታል፣ ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል። ያ በቂ ነበር። የሣራ ክንድ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እናጨበጭብ ነበር።

2ኛ፤ ልጄን ክርስትና ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ።

አሜሪካኖቹ፣ ለልጆቻቸው አብዝተው የሚፈሩ ሕዝብ ስለ ሆኑ፣ አንድ ልጅ በሳምንት ከሰባት ዙር በላይ እንዳይወረውር በሊጉ ሕግ ከልክለዋል። እርስዎ ግን ሕጉ የሚከለክለው አንዲት ሣራን እንጂ ሁለት ልጆችን እንዳልሆነ በጥልቅ መርምረው ደረሱበት። ልጄ በተወለደች በሰማንያ ቀኗ በቄስ እጅ ተጠምቃ ወለተ ሚካኤል ተብላለች፤ እርስዎ ደግሞ ያለ ቄስና ያለ ጠበል፣ በኢንግልዉድ የኳስ ሜዳ፣ በሌላ ሊግ ለሚጫወት ቡድን «አምሳለ ሀይለገብርኤል» ብለው አስመዘገቧት። አዲስ ስም ብቻ ሳይሆን አዲስ አባትም ጨመሩላት።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪናዎ መጥተው ሲወስዷት «ቀለል ያለ ልምምድ ናት» ይሉኝ ነበር። እኔም አመሰግንዎ ነበር። የእሑድ ፈረቃዬ ላይ ስለምሆን ሄጄ አላየሁም፤ ልምምድ የተባለው ሙሉ ጨዋታ እንደ ነበረ የሰማሁት ከሐኪም ቤት በኋላ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ ሣራ ሆና ሰባት ዙር ወርውራ፣ እሑድ አምሳለ ሆና ሌላ ሰባት ትወረውር ነበር። ስሟን ለሁለት መክፈል የተቻለውን ያህል ክንዷንም ለሁለት መክፈል ቢቻል ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

3ኛ፤ ስለ ሰጡት ሕክምና።

በሚያዝያ መጨረሻ ሣራ ሕመሟን መጀመሪያ የነገረችው ለእኔ ሳይሆን ለእርስዎ ነው። ከኢንግልዉድ ስትመለሱ መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ ስወረውር ሾልደሬ ውስጥ ያመኛል» አለችዎ፤ ትከሻዋን ማለቷ ነው። እርስዎም «የዕድገት ሕመም ነው፤ እኔም በልጅነቴ ጉልበቴን ያመኝ ነበር» አሏት። «ለማሚ ልንገራት?» ብላ ጠየቀችዎ። «እናትሽ በሥራ የደከመች ሴት ናት፤ ምን አስጨነቃት» ብለው መለሱላት። ለእኔ ድካም እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያሳየኝ ሰው በዚህ አገር አላጋጠመኝም።

ሕመሙ አልተው ሲላት ወደ ጋሼ አድማሱ ወሰዷት። ጋሼ አድማሱ በአገር ቤት የኳስ ተጫዋቾችን ቁርጭምጭሚት በማሸት የታወቁ ወጌሻ፣ አሁን በመሀል ከተማ የፓርኪንግ ጠባቂ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ቅባት ቀብተው ክንዷን ወደ ታች ሳቡት። ሣራ አለቀሰች፤ ለሁለት ቀን ጣቶቿ ደነዘዙ። በጋሼ አድማሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። በሐምሌ ወር በአውቶቡስ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ የማውቀው የትልቅ ሰው አጥንት ነው። የዚች ግን ስነካው አላማረኝም። ሐኪም ይያት ብዬው ነበር፤ ሰኞ እወስዳታለሁ አለኝ።» ያ ሰኞ ከቀን መቁጠሪያው ላይ ጠፍቶ እንደሆነ ብዬ የግድግዳ ካሌንደሬን አገላብጫለሁ። ሰኞዎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ።

4ኛ፤ ይህ ቁጥር በእርስዎ ላይ የቀረበ አይደለም። በራሴ ላይ ነው።

ሣራ ጸጉሯ ረጅም ነበር። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ራሷ ትጎነጉነው ነበር፤ ማንንም አታስነካም። በግንቦት አጋማሽ ከሥራ ስመለስ ጸጉሯን በወጥ ቤት መቀስ እስከ ጆሮዋ ቆርጣው አገኘኋት። አንዱ ጎን ረዝሞ፣ አንዱ አጥሮ ነበር። ደሜ ፈላ። «ማን ፈቀደልሽ? እዚህ አገር ሁሉም እንደ ፈለገ ነው አሉሽ?» አልኋት። «ማሚ፣ ጸጉር'ኮ ነው፤ ያድጋል» አለችኝ። አሥራት በሩ ላይ ቆሞ ሲያያት ቆየና «ልጠይቃት እንዴ?» አለኝ። «ተዋት፤ አሜሪካዊት ሆናለች» አልሁት።

ልጅቷ ክንዷን ከጆሮዋ በላይ ማንሳት አልቻለችም ነበር። ጎንጉኚልኝ ብትለኝ እንደምጠይቃት ስላወቀች ቆረጠችው። በቀን ሦስት መቶ አንሶላ የማጥፍ ሴት፣ የደከመ ክንድ ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ የማውቅ፣ የራሴን ልጅ ክንድ አላየሁም። ይህ በመዝገቡ ላይ በስሜ ይያዝልኝ።

5ኛ፤ የሰኔ 13 ቀን ጨዋታ።

የዋንጫ ጨዋታ ስለ ነበረ ያን ቅዳሜ መቀመጫው ሞልቶ ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም ፈረቃዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ መጥቼአለሁ፤ ከሥራ ቦታዬ ሁለት ሴቶችም አብረውኝ መጥተዋል፣ ምክንያቱም የሣራን ፎቶግራፍ በአንሶላ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ነበር። በአምስተኛው ዙር ሚስተር ኦርቴጋ ጨዋታውን አስቁመው ወደ ጉብታው ሄዱ። እርስዎም ተከትለው ሄዱ። ከእኛ ዘንድ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ የሆነውን በኋላ ሣራም ሚስተር ኦርቴጋም በየበኩላቸው ነግረውኛል፤ ቃላቸውም አንድ ነው።

ሚስተር ኦርቴጋ «ክርኗ ወርዷል፤ ከጎን ነው የምትወረውረው። ትውጣ» አሉ። እርስዎ «ዙሩን ለመዝጋት ሁለት ልጅ ነው የቀረው። ይህ ሁሉ ሕዝብ የመጣው እሷን ብሎ ነው» አሏቸው። እሳቸውም ወደ ሣራ ዞረው ያምሻል ወይ ብለው ጠየቋት። አፏን ሳትከፍት እርስዎ ቀድመው፣ እሳቸው በማይሰሙት አማርኛ፣ «ሣራዬ፣ ወገንሽን እንዳታሳፍሪ» አሏት።

ሣራ ወደ እኛ ተመለከተች። እኔም ከመቀመጫዬ ተነሥቼ በሁለት እጄ አውለበለብሁላት። «አያመኝም» አለች።

ሁለት ኳስ ወረወረች። በሦስተኛው እግሯን አነሣች፣ ክንዷን ወደ ኋላ ወሰደች፣ ከዚያ ኳሱ ከእጇ ወጥቶ ከፊቷ ሦስት እርምጃ ላይ ወደቀና ሣሩ ውስጥ ተንከባለለ። ሣራ ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ደግፋ ቆመች። አልጮኸችም።

እኛም አጨበጨብን። አዲስ ዘዴ መስሎን ነበር። አንዳንዱ ሰው ያፏጭም ነበር። እኔም ቆሜ አጨበጨብሁ። ሚስተር ኦርቴጋ እየሮጡ ደርሰው ተንበርክከው ሲይዟት ነው ጭብጨባው ከዳር ጀምሮ እየቀነሰ የሄደው። ከዚያ ሁሉ ድምፅ ውስጥ የራሴን ለይቼ ለማውጣት እስከ ዛሬ እሞክራለሁ።

ሜዳው ዳር ስደርስ እርስዎ የፕላስቲክ ከረጢት በረዶ ይዘው ቆመው ነበር። «አይዞሽ ወይዘሮ ዘቢደር፤ በረዶ ከያዘችበት ለነገው ትደርሳለች» አሉኝ። የምን ነገ እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር። አምሳለ በማግስቱ ጨዋታ እንዳላት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

6ኛ፤ ስለ ሐኪሟ።

ሰኞ ዕለት አሥራት ታክሲውን ከወረፋ አውጥቶ ፓሳዴና ወዳለች የአጥንት ሐኪም ወሰደን። ዶክተሯ ሁለቱንም ትከሻዎች በራጅ አስነሥታ ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። በሚያድግ ልጅ ክንድ አጥንት ጫፍ ላይ ገና ያልጠነከረ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል እንዳለ በእርሳስ እያመለከተች አስረዳችን። በግራው ፎቶግራፍ ላይ ያ ክፍል እንደ ክር ቀጭን መስመር ነበር። በቀኙ ላይ ግን ያለ መነጽር የሚታይ ክፍተት ሆኗል። የጎዳት አንድ ክፉ ውርወራ ሳይሆን ብዛቱ ነው አለችን። ዕረፍት ካላገኘ አጥንቱ እንደ ተጣመመ ሊቀር፣ ቀኝ ክንዷም ከግራው ሊያጥር ይችላል አለች።

ስለዚህ ክቡር ሊቀ መንበር፣ «የዕድገት ሕመም» ማለትዎ ጨርሶ ስሕተት አልነበረም። የታመመው በእርግጥ የምታድግበት ቦታ ነው።

ከዚያ ዶክተሯ በሳምንት ስንት ኳስ እንደምትወረውር ጠየቀች። እኔ አሥራትን አየሁት፣ አሥራት እኔን አየኝ። ሣራ ግን «ልምምዱን ጨምሮ ሁለት መቶ ሰባ አካባቢ» ብላ መለሰች። ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ማን ነበር የሚቆጥረው?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

ሣራ ወደ እኛ ዞረች። ዶክተሯ ለሦስት ወር ምንም ዓይነት ውርወራ እንዳይኖር፣ ድንጋይም ቢሆን፣ ትራስም ቢሆን፣ ብላ ጽፋ ሰጠችን።

ኮሪደሩ ላይ አሥራት መኪናውን ሊያመጣ ሲሄድ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ስለ ጸጉሯ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ስለ ኢንግልዉድ ጨዋታዎች፣ ስለ ሁለተኛው ስሟ፣ ስለ ወጌሻው፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት። ጫማዋን እያየች «ደስ ብሎሽ ነበራ» አለችኝ። «ሥራ ቦታሽ ፎቶዬን ሰቅለሽ የለ?»

እኔ ለመዝገብ የሚሆን ብዙ ቃል አውቃለሁ። ለዚህ የሚሆን አላገኘሁም።

7ኛ፤ ስለ ክረምቱ፣ እርስዎ በሥራ ብዛት ስላልነበሩበት ባጭሩ ላስረዳዎ።

ሣራ ሦስት ሳምንት ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ከረመች። ከዚያ የማጠንከሪያው ልምምድ መጣ። ከወጥ ቤቱ በር እጀታ ላይ የታሰረ ላስቲክ በቀን ሦስት ጊዜ ትጎትታለች። ጣቶቿን በግድግዳው ላይ ወደ ላይ ታስኬድና የደረሰችበትን አባቷ በእርሳስ ያሰምርላታል። መጀመሪያ የተሰመረው ከአገጯ በታች ነበር። አንዳንድ ቀን ከትናንቱ ዝቅ ብሎ ይውላል፤ ያን ዕለት እራት ላይ አታናግረንም።

ሚስተር ኦርቴጋ ረቡዕ ረቡዕ ይመጡ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ብርቱካን በከረጢት ይዘው መጥተው፣ ሳይቀመጡ፣ «ዓይኔ ያየውን ትቼ ልጅ የነገረችኝን አመንሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉኝ። ሣራ በሁለት ስም በሁለት ሊግ መወርወሯን ከእኛ ሲሰሙ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ ሄደው ለሊጉ ጻፉ፤ በደብዳቤያቸውም ከሁሉ አስቀድመው የከሰሱት ራሳቸውን ነው። ሰው ራሱን እየከሰሰ ደብዳቤ መጻፍ እንደሚችል ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው፤ አራተኛው ቁጥር የእሳቸው ትምህርት ነው።

እርስዎም አልረሱንም። በሐምሌ መጀመሪያ ደውለው ነበር። ማልያው ታጥቦ እንዲመለስ ለመጠየቅ። ታጥቦ፣ ተተኩሶ ተመልሷል፤ አንሶላ ማጠፍ ሙያዬ ስለ ሆነ መስመሩ ሳይዛነፍ እንደ ደረሰዎት አልጠራጠርም።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ አዲስ ፎቶግራፍ አስነሣች። ክፍተቱ ተዘግቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከአምስት እርምጃ ርቀት፣ ቀን እየዘለለች፣ ሃያ ኳስ ብቻ እንድትወረውር ፈቀደችላት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአፓርትማችን ጀርባ አሥራት ከሚስተር ኦርቴጋ የተዋሰውን ጓንት አጥልቆ ቆመ። ቀስ ብላ ወረወረችለት። አሥራት መቅለብ ስለማይችልበት ግማሹን እየሮጠ ሲያመጣ ዋለ። እኔ በመስኮት ቆሜ ነበር፤ አላጨበጨብሁም። ሃያኛው ላይ ራሷ «አበቃ» አለችና ኳሱን መሬት አስቀመጠችው። አባቷ «አንድ ብቻ፣ አሁን ገና መቅለብ ለመድሁ» ቢላት «ሃያ ሃያ ነው ዳዲ» ብላው ገባች።

በሚቀጥለው ዓመት ትወረውር ይሆን ብለው ለሚጠይቁን ወዳጆች መልሳችን፣ እሷን ጠይቋት የሚል ነው። እሷም እስካሁን «አላውቅም» ትላለች። አላውቅም የሚለው መልስ በቤታችን ተቀባይነት አግኝቷል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ካደረጉልን ውለታ አንጻር ጥያቄዬ ትንሽ ነው። አንደኛው፣ «የዲሲፕሊን ጉድለት» የሚለው ቃል በተነበበበት አዳራሽ፣ በተነበበበት ድምፅ፣ ልጅቷ ባለችበት እንዲሰረዝ ነው። ታማ የወጣችን ልጅ ጥላ ወጣች ማለት በመዝገብ ቤት ቋንቋ ሐሰተኛ ሰነድ ይባላል፤ በቤት ቋንቋ ምን እንደሚባል እርስዎም ያውቁታል። ሁለተኛው፣ በኢንግልዉድ የተመዘገበችው አምሳለ ሀይለገብርኤል ከዝርዝሩ እንድትወጣ ነው፤ ወላጆቿን ፈልጌ ስላጣሁ ስለ እሷ የምናገረው እኔው ነኝ። ሦስተኛው፣ ስለ ውርወራው ልክ የሚናገረውን የሊጉን ሕግ ከሣራ ጋር ሆነን ወደ አማርኛ መልሰነዋል፤ አንድ ገጽ ነው። ልጁን ለቡድኑ የሚሰጥ ወላጅ ሁሉ ከመፈረሙ በፊት ይህ ወረቀት በእጁ እንዲደርስ እጠይቃለሁ። ማኅበሩ ወረቀት ቢያጥረው ከሪፖርቱ ገጽ ሁለት ጀርባ ላይ ማተም ይቻላል።

ለሕዝባችን ክብር ከማንም በላይ የሚደክሙ፣ ድካሙንም በሌላ ሰው ክንድ መወጣት የሚችሉ መሪ ስለ ሰጠን ፈጣሪን እያመሰገንሁ፣ ለከበረው ጤናዎና ለማይታክተው አገልግሎትዎ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እገልጻለሁ። የዚህ ደብዳቤ አንድ ግልባጭ ለሚስተር ኦርቴጋ በቃል ተተርጉሞላቸው፣ አንድ ግልባጭ ለጋሼ አድማሱ፣ አንድ ግልባጭ ለሣራ ተሰጥቷል። የእሷ ግልባጭ ላይ ያላወቀችው ቃል ስምንት ነበር፤ ሁሉንም አስረድቻታለሁ።

ምንጊዜም አክባሪዎ፣ የሣራ እናት፣

ዘቢደር ወንድይራድ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ፈርሜ ወደ ሰሌዳው ልወስድ ስነሣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሰርካዲስ ደወለችልኝ። በዚህ መከር በሣራ ፈንታ ጉብታው ላይ ያወጡት ልጃችሁ ከሦስት ቀን ወዲህ በግራ እጁ እየጎረሰ መሆኑን፣ እርስዎም ትናንት ማዕድ ላይ ነውር ነው ብለው እንደ ተቆጡት ነገረችኝ። ቀኝ እጁ እስከ አፉ አይደርስለትም። የዶክተሯን ስልክ ሰጥቻታለሁ፤ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ይዛለች። እኔ እዚህ የጻፍሁት «እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ የተለጠፈ ነገር ግን ቆሞ ያነባል» ብላ ስለ ለመነችኝ ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ ልጁ በፈለገው እጁ ይብላ፤ እባክዎ አይቆጡት።